ቡድናችን በሜዳው በአንድ ጎል ተሸንፎ ለሆኪ ተጫዋቾች ነጥብ መስጠት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበረዶ ሆኪ ማየት የጀመሩ ወዳጆች ከሽንፈት ማግስት የሚጠይቁኝ ናቸው፤ ምሳሌዬ በአብዛኛው አንድ ጨዋታ ነው፦ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2013 ቦስተን ብሩይንስ በሜዳው በቺካጎ ብላክሆክስ 3 ለ 2 ተሸንፎ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ያጣበት 6ኛው የፍጻሜ ጨዋታ።

ለተጫዋች ነጥብ መስጠት ሲባል ምን ማለት ነው?

እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ያውቀዋል። ጨዋታው ያልቃል። ጋዜጠኛው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ ይሰጣል፣ ከሥሩም አንድ ሁለት መስመር ምክንያት ይጽፋል። ከዚያ ደጋፊው ጋዜጠኛውን ይሳደባል። ሆኪም ላይ ያው ነው። በተጠማዘዘ ዱላ ሩር እያሳደድን የምንጫወተው የኛ ገና ከሆኪ ጋር ዘመድ ይመስላል፤ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባልበታል። ነጥብ አሰጣጥ ላይ ግን ጌታም ሎሌም ይቆጣል።

በሰሜን አሜሪካ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የቆየ ልማድ አለ። ጨዋታው እንዳለቀ "የዕለቱ ሦስት ኮከቦች" ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 1944 ሞንትሪያል ቶሮንቶን 5 ለ 1 ሲያሸንፍ ሞሪስ ሪሻር አምስቱንም ጎል ራሱ አገባ። ሦስቱም ኮከብ እሱ ነው ተባለ! ነጥብ ግን ለኮከብ ብቻ አይደለም። ለተሸናፊውም፣ ለተረሳውም ይሰጣል።

ከ10 ይሻላል ወይስ በፊደል?

የአሜሪካና የካናዳ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ እንደ ትምህርት ቤት ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ይሰጣሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲ ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እኔ ከ10 እመርጣለሁ፤ ግማሽ ነጥብም እጠቀማለሁ። ዋናው ነገር ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ከጨዋታው በፊት መወሰን ነው። ለኔ 6 ማለት የተሰጠውን ሥራ በአግባቡ ሠርቷል ማለት ነው። 5 ከሆነ ኖረ አልኖረ ለውጥ አልነበረውም። 4 ከሆነ ቡድኑን ጎድቷል። ከ8 በላይ ለመስጠት እጄ ይከብደኛል። 10 ሰጥቼ አላውቅም።

ስንት ሰው ነው የሚመዘነው? ሃያውንም?

በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ) አንድ ቡድን ለጨዋታ 20 ሰው ያሰልፋል። ብዙውን ጊዜ 12 አጥቂ፣ 6 ተከላካይና 2 በረኛ ነው። በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ የሚሆኑት ግን በረኛውን ጨምሮ 6 ናቸው። በየ45 ሰከንዱ ገደማ ይቀያየራሉ። ሁለተኛው በረኛ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር አሙቆ ነው የሚሄደው፤ እሱን እለፉት።

የተጫወቱበት ደቂቃ በጣም ይለያያል። አንደኛው ተከላካይ 25 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊጫወት ይችላል። አራተኛው መስመር ላይ ያለ አጥቂ 8 ደቂቃ ካገኘ ደስተኛ ነው። ከ5 ደቂቃ በታች ለተጫወተ እኔ ሰረዝ ነው የማደርግለት። ደግሞ ይህን አስቡ፦ 25 ደቂቃ የተጫወተ ሰው ስህተቱ ይበዛል፤ ብዙ ስለተጫወተ ነው። ለ8 ደቂቃው ሰው "ምንም አላጠፋም" ብሎ 7 መስጠት ልመና አይሉት ስጦታ።

ቡድኑ ተሸንፎ ተጫዋቹ 7 ወይም 8 ማግኘት ይችላል?

ይችላል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ 3 ለ 2 ይሸነፋል፤ ለሁሉም 4 ይሰጥና ይተኛል። ውጤቱን ካየ በኋላ ጨዋታውን ወደ ኋላ ቀለም ይቀባዋል።

የቦስተኑን ምሽት ውሰዱ። ሊጠናቀቅ 1 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲቀረው ቦስተን 2 ለ 1 እየመራ ነበር። ያኔ ጨዋታው ቢያልቅ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን የሚወስድበት ተከታታይ 3 ለ 3 ይሆናል፣ ወደ 7ኛ ጨዋታ ይሄዳሉ፣ የቦስተን ተጫዋች ሁሉ ከ7 በላይ ያገኛል። ከዚያ በ17 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጎል ገባ፤ ብራያን ቢኬል፣ ቀጥሎ ዴቭ ቦላንድ። ታዲያ ከዚያ በፊት ለ58 ደቂቃ ከምናምን የተሠራው ሥራ የት ሄደ? ነጥቡ ለ60ው ደቂቃ ነው። በአንድ ጎል የተሸነፈ ቡድን አማካይ ነጥቡ በኔ ወረቀት ላይ 6 አካባቢ ነው የሚወድቀው። ከ5 በታች ከወረደ ቡድኑ ሳይሆን እኔ ነኝ የተናደድኩት።

ጎል ያገባ ሰው ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል?

አያገኝም። ጎል ትልቅ ነገር ነው፤ ግን 20 ሰከንድ የማይሞላ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከበረኛው እግር ሥር ተንጠባጥባ የቀረችን ፓክ (ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት) ገፍቶ ያስገባና የቀረውን ምሽት የጠፋ ተጫዋች አለ። ሆኪ ላይ ደግሞ ለአንድ ጎል እስከ ሁለት አሲስት ይመዘገባል። ሁለተኛው አሲስት አንዳንዴ ድንቅ ቅብብል ነው፤ አንዳንዴ ሰውየው እንዲሁ ነክቷት አልፎ ነው።

በረኛው 3 ጎል ከገባበት እንዴት ነው የሚመዘነው?

ይህ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ነው። በረኛ የሚለካበት የተለመደው ቁጥር ከተሞከረበት ውስጥ ስንት አዳነ የሚለው ነው። በቦስተኑ ምሽት የቦስተን በረኛ ቱካ ራስክ 31 ተሞክሮበት 28 አዳነ። ሲካፈል 0.903 ይመጣል። በዚያ ዓመት የጥሎ ማለፍ ጉዞው በአጠቃላይ 0.940 ነበር፤ ግሩም ቁጥር ነው። እንግዲህ 0.903 አይቶ "ጣለን" የሚል ሰው አይጠፋም።

ግን የአንድ ምሽት ቁጥር ያታልላል። 20 ኳስ ከተሞከረበት በረኛ ላይ አንዲት ተጨማሪ ጎል ብትገባ ቁጥሩ ከ0.950 ወደ 0.900 ይወርዳል። ከጀግና ወደ ተራ ሰው ማለት ነው። (ኳስ አልኩ እንዴ? ፓክ ናት። ልማድ ነው።) ስለዚህ ጎሎቹን አንድ በአንድ ማየት ይሻላል። እያንዳንዷ ላይ የምጠይቀው አንድ ነው፦ በደህና ቀኑ ይይዛት ነበር? ከሩቅ የተመታች፣ ፊቱ ሰው ያልቆመበት፣ ማንም ያልነካት ፓክ ከገባች መያዝ ነበረበት። በአንድ ጎል በተሸነፉበት ጨዋታ እንዲህ ያለችው አንዷ ብቻ 1.5 ነጥብ ታስከፍለዋለች።

የቦላንድን ጎል እንይ። ጆኒ ኦዱያ ከሩቅ መታት። ሚካኤል ፍሮሊክ መንገድ ላይ ነካት፤ አቅጣጫዋን ቀየረች። ምሰሶ መታች። ተመልሳ ቦላንድ እግር ሥር ወደቀች፤ ገፋ አደረጋት። በረኛው የመጀመሪያውን ምት አይቶ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛውን ለማየት ጊዜ የለውም፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሰውነቱ ወደ ሌላ በኩል ሄዷል። ለዚህች አንድም ነጥብ አልቀንስም።

ፕላስ ማይነስ ላይ ማይነስ 2 የሚለው ተጫዋች መጥፎ ተጫውቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ፕላስ ማይነስ ቀላል ቆጠራ ነው። ቡድንህ ሲያገባ በረዶው ላይ ከነበርክ ፕላስ 1፣ ሲገባበት ከነበርክ ማይነስ 1። አንዱ ቡድን በሌላው ቅጣት ምክንያት በሰው ብልጫ ሲጫወት የሚያገባው ግን አይቆጠርም። እስከዚህ ፍትሐዊ ይመስላል።

ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው። የሚመራ ቡድን መጨረሻ ላይ ተጋጣሚው በረኛውን አውጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች ያስገባበታል። የቢኬል ጎል የገባችው እንዲህ ነው፤ የቺካጎው በረኛ ኮሪ ክሮፎርድ ወጥቶ ነበር። ስድስት ለአምስት ናቸው፤ ግን የቅጣት ብልጫ ስላልሆነ አምስቱም የቦስተን ተጫዋቾች ማይነስ ተጻፈባቸው። ደግሞ ልብ በሉ፤ አሠልጣኝ በዚያች ደቂቃ የሚያስገባው የሚተማመንባቸውን ነው። ማይነሱ የሚደርሰው ምርጦቹ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩን ለጥያቄ መነሻ አድርጉት እንጂ ለፍርድ አትጠቀሙበት።

ተከላካይን እንዴት ነው የምመዝነው? ምንም ሲያደርግ አይታየኝም።

እውነት ነው፤ አይታይም። ጥሩ ተከላካይ በአብዛኛው የማይታይ ነው። እኔም መጀመሪያ አሜሪካ መጥቼ ሆኪ ሳይ ፓኳን ብቻ ነበር የማሳድደው። ከጨዋታው በኋላ ስለ አንድም ተከላካይ የምለው አልነበረኝም። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መፍትሔ ነገረኝ፦ አንድ ሰው ምረጥና አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ፣ 20 ደቂቃ፣ እሱን ብቻ እይ። ፓኳ የትም ትሂድ። ባልደረባዬ ራሱ በግሮሰሪ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጭረት ይጭራል። ወደ ላይ የተጫረው ከራሱ ሜዳ ፓኳን በሰላም ሲያወጣ ነው፣ ወደ ታች የተጫረው ሲያስነጥቅ። ሲያልቅ ደረሰኙን ያገላብጥና "ሰባት" ይላል። አንዳንዴ በቴሌቪዥን ተንታኞቹ ሲያወግዙት ላመሹት ሰው ነው ሰባት የሚለው።

የምታዩት ይኸው ነው። አጥቂው እየፈጠነ ሲመጣበት ርቀቱን ይጠብቃል ወይስ ወደ ኋላ እየሸሸ በር ይከፍትለታል? ዱላው በቅብብሉ መንገድ ላይ ነው ወይስ አየር ላይ? በረኛው ፊት የቆመውን ሰው ያነሳዋል ወይስ ፓኳን ሲያይ ይረሳዋል? ይህን ያየ ሰው ተከላካይ ላይ ከጋዜጣ የተሻለ ነጥብ ይሰጣል።

አጥቂም ላይ ሰንጠረዥ የማያሳየው ሥራ አለ። በዚያው በ2013 ጉዞ ላይ የቦስተኑ ግሪጎሪ ካምቤል በፒትስበርግ ላይ የየቭጌኒ ማልኪንን ምት በእግሩ ሲያግድ አጥንቱ ተሰበረ። ቡድኑ በጎደሎ ሰው እየተጫወተ ስለነበረ መውጣት አልቻለም። በተሰበረ እግሩ አንድ ደቂቃ ገደማ እየተንገዳገደ ተከላከለ። ሰንጠረዡ ላይ ይህ "የታገደ ምት፦ 1" ነው።

በሜዳው መሸነፉ ነጥቡ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ግን በሚጠበቀው መንገድ አይደለም። ብዙ ሰው "በሕዝባቸው ፊት!" ብሎ ነው ነጥብ የሚቀንሰው። ያ ስሜት ነው። እውነተኛው ጥቅም ሌላ ነው፤ ጨዋታ ሲቆም የባለሜዳው ቡድን አሠልጣኝ ሁለተኛ ነው የሚቀይረው። እንግዳው ማንን እንዳስገባ አይቶ የራሱን ይመርጣል። የተጋጣሚን ምርጥ መስመር በራሱ ምርጥ ተከላካዮች ፊት ማስቀመጥ ይችላል።

ስለዚህ በሜዳ በተሸነፉ ጊዜ ለአሠልጣኙም ነጥብ ስጡ። ደካማው ጥንድ ተከላካይ የተጋጣሚን ኮከብ ፊት ለፊት ሲያገኝ ጨዋታ ቆሞ ከነበረ ጥፋቱ የወንበሩ ነው። እየተጫወቱ ሳለ ተቀያይረው ከተገናኙ ግን ማንንም አትውቀሱ።

3 ለ 1 ካለቀ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ ይባላል?

ሦስተኛዋ ጎል ባዶ መረብ ላይ ከገባች፣ አዎ። 2 ለ 1 የሚመራ ቡድን ከራሱ ሜዳ ወርውሮ ያስገባታል። በረኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ላይ አትቁጠሩ።

የመጨረሻው ደቂቃ ስህተት ስንት ነጥብ ያስከፍላል?

እኔ ጣሪያ አለኝ፦ አንድ ስህተት ለአንድ ሰው ከ1.5 በላይ አያስቀንስም። በ5ኛው ደቂቃ ላይም ይሁን በ59ኛው። ብዙ አንባቢ በዚህ ይጣላኛል። "ጊዜው እኮ ወሳኝ ነው" ይሉኛል። ለቡድኑ ወሳኝ ነው። ግን ያንኑ ስህተት በ5ኛው ደቂቃ ሠርቶ ፓኳ ምሰሶ መትታ የተመለሰችለትን ሰው ማንም አያስታውሰውም።

ከዚያ ስህተቱን ወደ ኋላ ተከተሉት። ጎሏ ስትገባ አጠገቧ የነበረው ሰው አይደለም ሁልጊዜ ጥፋተኛው። ፓኳን ማውጣት እየቻለ ያላወጣ ማን ነው? ከዚያ በፊትስ በደከመ እግር አይሲንግ የሠራ (ከመሃል መስመር ኋላ ሆኖ ፓኳን እስከ ተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር ዝም ብሎ የለጋ) አለ? አይሲንግ የሠራ ቡድን ተጫዋች መቀየር አይፈቀድለትም። አምስት የደከሙ ሰዎች አምስት ትኩስ ሰዎች ፊት ይቆማሉ። 30 ሰከንድ ቆይታ ጎል ትገባለች፤ ካሜራው የሚያሳየው ሰውዬውን የሳተውን ተከላካይ ነው። እኔ ግማሹን ከአይሲንጉ ባለቤት እቀንሳለሁ።

ተጎድቶ ለተጫወተ ሰው ነጥብ ይጨመራል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የቦስተኑ ፓትሪስ በርጀሮን ያንን 6ኛ ጨዋታ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ነው የተጫወተው። ትከሻውም ተጎድቶ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ሆስፒታል ገባ፤ ሳንባው ተበስቶ ተገኘ። ያን ምሽት የተቀመጠ ደጋፊ ግን ያየው ቀዝቀዝ ያለ፣ እንደ ወትሮው ያልሆነ በርጀሮንን ነው።

የኔ መልስ፦ ነጥቡ ለጨዋታው ነው እንጂ ለሕመሙ አይደለም። ሕመሙን ለመመዘን ማን ነኝ? ደግሞ ለአንዱ ከጨመርኩ፣ ጉዳቱን ሳይናገር የቀረው ሌላው ተጫዋች ይበደላል። ምክንያቱ ላይ ግን እጽፈዋለሁ። ቁጥሩ 5.5 ይሁን፤ መስመሩ ሌላ ነገር ይናገር።

ዓይኔ አንድ ይላል፣ ቁጥሩ ሌላ ይላል። ማንን ልመን?

ዛሬ "የሚጠበቅ ጎል" የሚሉት ስሌት አለ። እያንዳንዱ ምት ከየት፣ በምን አንግል እንደተመታ አይቶ ጎል የመሆን ዕድሉን ይሰጣል። አንድ መስመር በረዶው ላይ ሳለ ቡድኑ ከተጋጣሚው የተሻለ ዕድል ፈጥሮ እንደሆነ ያሳያል። በጠባብ ለተሸነፈ ቡድን በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ጥሩ ተጫውቶ ዕድል ያጣውን ከተበለጠው ይለያል።

እኔ መጀመሪያ በዓይኔ እሰጥና ጠዋት ቁጥሩን አያለሁ። ልዩነቱ ከ1 ነጥብ በላይ ከሆነ ቪዲዮውን ደግሜ አያለሁ። ግማሹን ጊዜ ዓይኔ ነው የተሳሳተው። ብዙ የሚሮጥና የሚጋጭ ተጫዋች ያታልለኛል፤ ሲጋጭ አጥሩ ይጮኻል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። ፓኳ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ናት።

ነጥቡን ማታውኑ ልስጥ ወይስ ልደር?

እደሩ። ማታ ከጻፋችሁ ግን ጠዋት ስታስተካክሉ የድሮውን አታጥፉት፤ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ማን ላይ እንደምትጨክኑ ታያላችሁ። እኔ ውድ ደሞዝ የሚከፈላቸው ላይ እጨክናለሁ።

ለዚያ ለቦስተኑ ምሽት አንተ ስንት ሰጠህ?

ጨዋታውን ደግሜ ሳየው ለራስክ 6.5 ሰጠሁ። የመጀመሪያዋን ጎል ላገባው ክሪስ ኬሊ 7። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ 2 ለ 1 ላደረገው ሚላን ሉቺች 7.5፤ ከቦስተን ከፍተኛው እሱ ነው። አመቻችቶ ለሰጠው ዴቪድ ክሬይቺ 7። ለካፒቴኑ ዝዴኖ ቻራ 5፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፣ ግን ቺካጎዎች እሱን መፍራት ያቆሙበት ተከታታይ ነበር። ለአሠልጣኙ ክሎድ ጁሊየን 6።

በርጀሮን ላይ 5.5 ጻፍኩ። ከላይ ያልኩትን ሕግ ራሴ አከበርኩ ማለት ነው። ባልደረባዬ ወረቀቱን አየና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ቁጥሩን አልነካውም። ከጎኑ "ሳንባ" ብሎ ጽፎ መለሰልኝ።